«ሰብር አድርጊ» ከማለታችን በፊት

በዚህ ዓምድ ስለ ምግብና ስለ አካል ጤንነት ብዙ ይነገራል። ዛሬ ግን ምግብ ስለሚያስጠላና እንቅልፍ ስለሚነሳ የቀልብ ሕመም፣ በንግግር ስለሚሰጠውም ሕክምና የግሌን አስተያየት ላካፍላችሁ።

አንዲት እናት እናስብ። አሊዩ አምባ ገበያ ማሽላ ትሸጥ ነበር። ልጇን ካጣች ዓመት ሞላት። ሌሊት አትተኛም፣ ገበያ መውጣት ትታለች፣ ምግብ ቢቀርብላትም አትበላም። ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይጠራታል። ስለ ልጇ አፏን ስትከፍት ግን «ተይ እንጂ፣ ሰብር አድርጊ! የአላህ ቀደር ነው» ትባላለች። ቃሉ እውነት ነው። ተቸኩሎ ሲነገር ግን አፍ ይዘጋል። እሷም ማልቀሷን የኢማን ጉድለት አድርጋ ትቆጥርና ሕመሟን ትደብቃለች። አጣዬና ሸዋ ሮቢት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ካዩት ደም መፋሰስና መፈናቀል በኋላ፣ በይፋት ቆላ እንዲህ ያለች እናት ያለችበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ለመሆኑ ሰብር ማለት ዝም ማለት ነውን? ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው ነጥቷል፤ ሰብራቸው ግን አልጎደለም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል።

አማካሪ ምን ይሠራል?

ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይፈርዳል። የሥነ ልቦና አማካሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያዳምጣል። ምስጢር ይጠብቃል፤ አይወቅስም፤ ምክር ለመስጠት አይቸኩልም። ከዚያ በኋላ እንደ ሕመሙ መንገድ ይመርጣል።

አንደኛው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። እናቲቱ «ልጄ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው» ብላ ከሆነ፣ ይህ ሐሳብ ከእውነታው ጋር አብሮ ይመዘናል። የተወችውንም ሥራ ጥቂት በጥቂት ትጀምራለች፤ ዛሬ ጎረቤት ድረስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ። ሁለተኛው ችግር ፈቺ ምክር ነው። ችግሮቿ ይዘረዘራሉ፤ አንዱ ይመረጣል፤ መፍትሔውን የምታገኘው ራሷ ናት። ሦስተኛው ሐዘንን፣ ጠብንና እንደ ስደት ያለ የኑሮ ለውጥን የሚመለከት የግንኙነት ሕክምና ነው። አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት የቡድን ምክርም አለ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሳሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ኪታባቸው፣ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመም ጽፈዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በሰላም ጊዜ ጤናማ ሐሳብ እንዲያከማች መክረዋል። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ የአስተሳሰብ ሕክምናን የጀመሩት ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

«ባለሙያውስ ከየት ይምጣ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከአሊዩ አምባ አንኮበርን ወጥቶ፣ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስ ለደከመ ሰው ቀላል አይደለም። የዚምባብዌ ልምድ ግን ተስፋ ይሰጣል። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ አያቶችን አሠልጥነው በየጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አያቶቹ «ሐሳብ በዛብኝ» የሚለውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግር ፈቺ ምክርም ይሰጣሉ። በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በአያቶቹ የታገዙት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ የተሻለ እፎይታ ማግኘታቸውን አሳይቷል።

እኛ አያት አጣን? ቡና አጣን? እንደ እኔ አስተያየት፣ እያንዳንዱ ጀመዓ ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት እናቶችንና ሁለት አባቶችን ቢመርጥ፣ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮም ቢያሠለጥናቸው፣ ብዙ ቤት እፎይ ይላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ወይም ፈጽሞ መብላት ያቆመ ሰው ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ዱዓና ሩቅያ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደጋ አለው።

እንግዲህ ነገ ያቺ እናት ቡና ላይ ስለ ልጇ ስትጀምር፣ እስክትጨርስ እናዳምጣት። «ሰብር አድርጊ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አላህ ለታመሙት ሺፋ፣ ለእኛም የሚያዳምጥ ጆሮ ይስጠን። አሚን።