ዋጋው ያለው በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በደረሰኙ ነው

«ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው፤ ሜዳ አይታ አታውቅም፤ አንድ ሽማግሌ ናቸው እሑድ እሑድ ብቻ የሚነዷት።» ያገለገለ የስፖርት መኪና በሚሸጥበት አገር ሁሉ የደላላው ንግግር ይህንኑ ይመስላል። ገዢም ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋጋል፤ እጁም ወደ ኪሱ ይገባል። በአንጻሩ ሻጩ «በየወሩ እሽቅድምድም ሜዳ ወስጄ እነዳታለሁ» ብሎ እውነቱን ቢናገር ገዢው ወይ ከዋጋው ላይ ብዙ ይቆርጣል፣ ወይ ቁልፉን መልሶ ይሄዳል።

ገበያው እዚህ ላይ ተሳስቷል። የመኪናውን ሩጫና የመኪናውን አያያዝ አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ሜዳ ላይ የሚነዳ መኪና የሚያስወጣው ገንዘብ ብዙ ቢሆንም አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል ወጪ ነው። ምን እንደተደረገለት የማይታወቅ መኪና ግን መጠኑ ያልታወቀ ዕዳ ነው። ነጋዴ ደግሞ አብልጦ መፍራት ያለበት የተሰላ ወጪን ሳይሆን ያልታወቀ ዕዳን ነው።

ለዚህ ከፖርሽ 911 የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በተለይም በፋብሪካ መለያው 996 የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ የታየው ትውልድ ሙሉ ትምህርት ቤት ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት 911 መኪኖች ሞተራቸው በአየር ይቀዘቅዝ ነበር። 996 በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ይዞ የመጣ የመጀመሪያው 911 ሆነ። እንደሚታወቀው ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በከባድ የገንዘብ ችግር ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቬንደሊን ቪደኪንግ ወጪ ቆጣቢውን የጃፓን አሠራር ለማስተማር የጃፓን አማካሪዎችን አስመጡ። ርካሹ ቦክስተርና ውዱ 911 ብዙ አካላትን እንዲጋሩም ተደረገ። ኩባንያው ዳነ፤ አተረፈም። ይሁን እንጂ ከአዲሱ ሞተር ጋር አንድ ትንሽ ችግር አብሮ ገባ።

አንዲት ኩሽኔታ የሰበረችው ዋጋ

በሞተሩ ውስጥ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱትን ሰንሰለቶች የሚያሽከረክር አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ። የዚህ ዘንግ አንዱ ጫፍ የሚያርፈው በታሸገች ኩሽኔታ ላይ ነው። የኩሽኔታዋ መሸፈኛ ሲያረጅ የሞተር ዘይት ይገባና የውስጥ ቅባቷን አጥቦ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ኳሶቹ ይበላሉ፤ የብረት ቅንጣት በዘይቱ ውስጥ ይዘዋወራል፤ በመጨረሻም ዘንጉ ቦታውን ሲለቅ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ሙሉ ሞተር መቀየር በአሜሪካ ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአሜሪካ የመኪናው ባለቤቶች በጋራ ያቀረቡት ክስ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል። ስምምነቱ የሸፈነው በ2001 እና በ2005 መካከል የተሠሩ የቦክስተርና የ911 መኪኖችን ነበር። ኩባንያው ይህን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ያስወገደው በ2009 ሞዴል በመጣው አዲስ ሞተር ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ገበያው ምን አደረገ? ሁሉንም 996 በአንድ ከረጢት ከተተ። ኩሽኔታው የተቀየረለትም ያልተቀየረለትም በአንድ ላይ ረከሰ። ለብዙ ዓመታትም 996 ከ911 ትውልዶች ሁሉ በርካሽ የሚሸጠው ሆኖ ቆየ። ሒሳቡ ግን ቀላል ነበር። ኩሽኔታዋን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ፍሪሲዮን ለመቀየርም እንዲሁ። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ፍሪሲዮን በሚያስቀይርበት ቀን ኩሽኔታዋንም ያስቀይራል፤ የእጅ ዋጋውንም አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል። ይህን ያደረገ ሰው ደረሰኙን ይዞ ገበያ ሲወጣ አደጋው የተወገደለትን መኪና አደጋው ባለበት ዋጋ ለመሸጥ ተገደደ። ደረሰኝ ማንበብ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ በዚያው ዋጋ ገዝቶ ቆየ፤ ዋጋው ሲያንሰራራ አተረፈ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚህ ሞተር ላይ የሠለጠኑ መካኒኮች እንደሚሉት ኩሽኔታዋን ይበልጥ የሚጎዳት ሩጫ ሳይሆን መቆም ነው። ለወራት የቆመ፣ ሲነሳም ሳይሞቅ ተመልሶ የሚጠፋ ሞተር በዘይቱ ውስጥ እርጥበት ያጠራቅማል። እንግዲህ «እሑድ እሑድ ብቻ የሚነዷት» የሚለው ምስጋና ለዚህ መኪና ምስጋና ላይሆን ይችላል።

ሜዳ የሚበላው ምንድን ነው?

ይህ ሲባል ሜዳ አይጎዳም ማለት አይደለም። ሜዳ ይበላል፤ ምን እንደሚበላ ግን ይታወቃል።

የመጀመሪያው ፍሬን ነው። በፍጥነት የሚሄድ መኪና ሲቆም ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ በየመታጠፊያው ይደጋገማል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ መስፈርቱ የሚጠይቀው ዝቅተኛው የመፍያ ነጥብ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉም ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በመሆኑም አሮጌ የፍሬን ዘይት ይዞ ሜዳ መግባት ገንዘብ ቆጥቦ ሕይወትን ማስያዝ ነው። የፍሬን ሸራውም ለከተማ የተሠራው ሜዳ ላይ ቶሎ ያልቃል። የተበሳ ዲስክ ከሆነ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ይጀምረዋል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የ996 መደበኛ ሞተር ዘይቱን የሚያጠራቅመው ከሥሩ ነው። ረጅም መታጠፊያ ላይ፣ በተለይም መሬት ጨብጦ የሚይዝ የእሽቅድምድም ጎማ ከተገጠመ፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ፓምፑም በዘይት ፋንታ አየር ይስባል። ሞተር ያለ ዘይት ጥቂት ሰኮንድ መዞሩ ብቻ ለውስጥ ብረቱ በቂ ጥፋት ነው። መፍትሔው ዘይቱን ከመሸሽ የሚያግድ ክፍልፋይ ያለው ጥልቅ ቋት ማስገጠምና ዘይቱን ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ መለወጥ ነው። የዘይት ጭስ ከአየር የሚለየው ዕቃ ሲበላሽም ከኋላ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል። ይህን ያየ ባለቤት መንዳቱን አቁሞ ዕቃውን ከለወጠ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ችላ ካለው ግን ትልቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣ ነው። የ996 ራዲያተሮች ከፊት መከላከያው ጀርባ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ቅጠልና አቧራ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ የጎማ ፍርፋሪ ይሞላባቸዋል። የፊት መከላከያውን አውርዶ ማጽዳት የአንድ ቀን ሥራ እንኳ የማይሞላ ጥገና ሲሆን፣ አለማጽዳት ግን ሞተርን በሙቀት ማስመታት ነው።

ጠንካራ የሚባለውስ? የዚሁ ትውልድ ጂቲ 3 ሞተር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን ካሸነፈው መኪና ዘር ነው። ዘይቱን በተለየ ታንክ ይይዛል፤ ያቺ አስቸጋሪ ኩሽኔታም የለችበትም። በዚህም ምክንያት ዋጋው ከመደበኛው እጅግ የራቀ ነው። ሆኖም የውሃ ቱቦዎቹ መጋጠሚያዎች የተያዙት በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ከዕድሜና ከሙቀት ብዛት ሲላቀቅ የሞተሩ ውሃ በሙሉ አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል፤ ከኋላ የሚመጣውም መኪና ይንሸራተታል። በመሆኑም ጠንቃቃ ባለቤቶች መጋጠሚያዎቹን ያስበይዳሉ ወይም በብሎን ያሳስራሉ። ውድ መኪናም ቢሆን እንግዲህ «ተበይዷል?» የሚል ጥያቄና የብየዳ ደረሰኝ ያስፈልገዋል።

ጎማ፣ ፍሪሲዮንና ኢንሹራንስም ከሒሳቡ አይቀሩም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ብዙ መደበኛ የኢንሹራንስ ውሎች ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር የመንገድ ዳር ብረቱን የገጨ ሰው የራሱን መኪና ብቻ ሳይሆን የብረቱንም ማሠሪያ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ግን በወረቀት ላይ ሊሰፍር፣ ሊደመርና ሊቀነስ የሚችል ወጪ ነው።

ሻጭ ቢዋሽ ኮምፒዩተሩ ይመሰክራል

ገዢው ሻጩን ማመን ግድ አይለውም። ሜዳ ላይ ትልቁ ጥፋት የማርሽ ስሕተት ነው። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ለማውረድ የፈለገ ነጂ በስሕተት ሁለተኛ ቢያስገባ ጎማው ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል። ሞተሩን በነዳጅ የሚቆጣጠረው መሣሪያ ይህን ማስቆም አይችልም፤ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ ሳይሆን የመኪናው ፍጥነት ነው። በፖርሽ መኪኖች፣ ከጥቂት የመጀመሪያ ሞዴሎች በስተቀር፣ የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን ከልክ ያለፈ ዙር በደረጃ ከፍሎ ይመዘግበዋል፤ ሞተሩ በስንተኛ የሥራ ሰዓቱ ላይ እንደተፈጸመም ያስቀምጣል። ጥፋቱ ከተመዘገበ በኋላ ሞተሩ ብዙ መቶ ሰዓት በሰላም ከሠራ አንድ ነገር ነው፤ ትናንት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሌሎችም ምስክሮች አሉ። የዘይት ማጣሪያው ተቆርጦ ሲታይ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካለበት መልሱ ተገኝቷል። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው የተባለች መኪና ጎማዋ ብዙ ጊዜ ተቀይሮ ከተገኘ ጥያቄ ያስነሳል። ገለልተኛ መካኒክ ይህን ሁሉ ለመመርመር የሚጠይቀው ክፍያ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

የአከርሎፍ ሎሚ

አሜሪካኖች ከላይ አምሮ ውስጡ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ያሳዩት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ገዢው መልካሙን ከሎሚው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። በአማካይ ዋጋ ደግሞ መልካም መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ሎሚ ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ቀስ በቀስ ገበያው ሎሚ ብቻ ይቀርበታል። ምሁሩ ለዚህና ለተያያዘ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ጉዳቱ ከአንድ ገዢ ኪስ ያልፋል። ኩሽኔታ ያስቀየረ፣ ቱቦ ያስበየደ፣ የፍሬን ዘይት በጊዜው የለወጠ ባለቤት ሲሸጥ ምንም ካልተጨመረለት በሚቀጥለው መኪናው ላይ ለምን ያወጣል? ገበያው ለጥገና ዋጋ ካልሰጠ ጥገና ይቀራል። መኪናው ደግሞ ከነጉድለቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነዳል።

ደላሎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። «ደረሰኝ ሲበዛ ገዢ ብልሽት የበዛባት መኪና ናት ብሎ ይሸሻል» ይላሉ። እውነትነት አለው። ነገር ግን ጥፋቱ የደረሰኙ ሳይሆን ደረሰኙን ማንበብ ያላስተማረው ደላላ ነው። ኮሚሽን የሚከፈለው ገዢና ሻጭን ለማገናኘት ብቻ ከሆነ ስልክም ያገናኛል። ደላላ ከስልክ የሚበልጠው የሚሸጠውን ዕቃ ታሪክ አውቆ ማስረዳት ሲችል ነው።

ይህ ጉዳይ የጀርመንና የካሊፎርኒያ ባለጸጎች ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ወደ አገር ቤት ይመለከት። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። አዲስ የማይገባበት ገበያ አሮጌውን ከእጅ ወደ እጅ ያዞራል። ያው ሞተር ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ያያል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚዞረው ፖርሽ ሳይሆን ተራ የቤት መኪና ነው፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል፤ ቀለም ይቀባል፤ ሞተር ታጥቦ ያብረቀርቃል። የዘይት፣ የፍሬንና የመለዋወጫ ደረሰኝ በቀኑና በኪሎ ሜትሩ ተደርድሮ ሲቀመጥ ግን ለማስመሰል አስቸጋሪ የሆነ ታሪክ ይሆናል።

ስለዚህ የነገው ሻጭ ዛሬ ከጋራዥ ሲወጣ ደረሰኙን አይጣል፤ አንድ ማኅደር ገዝቶ ያስቀምጠው። ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ እያደር ዋጋው የሚጨምረው እርሱ ብቻ ነው። ገዢም «ሜዳ አይታ አታውቅም» ሲባል ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ያቅርብ፦ «ደረሰኟስ?»