ቁስሉ ከደረቀ በኋላ

ስለ ጦርነት ስናወራ የሚቀናን ስለ ሁለት ሰዎች ነው፦ ስለ ሞተውና ስለ ድል አድራጊው። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ በጣሊያኖች ተገድለው አንገታቸው መቆረጡን በሰቆጣ ያልሰማ ጥቂት ነው። ቆስሎ የዳነው ግን ከወሬያችን ይወጣል።

ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ያለችውን ኮረምን ልውሰድ። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ የሰፈሩት እዚያ ነበር። የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ አምቡላንስም አቅራቢያው ድንኳን ተክሎ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን የጣሊያን አውሮፕላን ቀይ መስቀሉ እየታየው ደበደበው። ያም ሆኖ ሥራው አልቆመም፤ የይፐሪት ቁስለኛ ይጎርፍ ነበርና። ይፐሪት ጣሊያኖች ከአውሮፕላን የረጩት ዘይት መሰል የመርዝ ጠብታ ነው። ሲነካ አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ዐይን ያብጣል፣ ሳንባ ይቃጠላል። በባዶ እግሩ ለሚዘምት ወታደር ሣሩ ራሱ ጠላት ሆነበት። ማርከሻ ዛሬም የለውም፤ ማጠብ፣ ቁስሉን መሸፈን፣ መጠበቅ ነው። የቀይ መስቀሉ ስዊሳዊ ሐኪም ማርሴል ጁኖ በኮረም አካባቢ ዛፍ ሥር የወደቁ ቁስለኞች «አቤት» እያሉ ሲጣሩ መስማቱን ጽፏል። ይህ መርዝ ያልገደለውን ሰው በሳልና በዐይን ሕመም ዓመታት ይከተለዋል። ለዚያ ሳል ሜዳሊያ የሰጠ መንግሥት አላውቅም።

ዛሬ ሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አላት። በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ መግባቷ ይታወሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ እግሩ የተቆረጠው ወታደር ቁስሉ ደርቆ ከተሰናበተ በኋላ ያለው ነው። ጉቶ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀንሳል። መጀመሪያ የተለካለት ሰው ሠራሽ እግር ይሰፋዋል፣ ይልጠዋል፤ እንደገና መለካት አለበት። በአማራ ክልል ለዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው የደሴና የባሕር ዳር ማዕከሎች ናቸው። ወደ ቀዬው ተመልሶ በዋግ ዳገት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያድር ቁስለኛ፣ ለአንድ ማስተካከያ ደሴ ድረስ የመኪናና የማደሪያ ገንዘብ አውጥቶ ይመላለሳል ብሎ ማሰብ የቢሮ ሐሳብ ነው። እግሩን አውልቆ ጥግ ያስቀምጠዋል እንጂ!

የምጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ሰቆጣ ላይ አንድ ክፍል፣ የጀሶ መለኪያ፣ ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ ምድጃ፣ አንድ ቴክኒሻን፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት። ገንዘቡ ለሐውልት ከምናዋጣው አይበልጥም ባይ ነኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ አልፎ አልፎ ወደ አበርገሌና ዝቋላ ወረዳዎች ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ለእዚያ ሰው ሰቆጣም ራሷ ሩቅ ናት።