የምርጫ ሰሞን ሽማግሌ

የሰንበቴ ገበያ እሁድ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ይገናኝበታል። ሰው በተገናኘበት ጠብ አይጠፋም። በዚህ አገር ደግሞ ጠብ ማለት ብዙውን ጊዜ ግጦሽና ውኃ ማለት ነው። ቦርከና በኮምቦልቻ ወርዶ፣ ከሚሴን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከላይ ያለው ለመስኖው ሲጠልፍ ከታች ያለው ይጮኻል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። በወሎ አበጋር የሚባሉት የዕርቅ አባቶች እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ስንቱን ደም አድርቀዋል። ጦር የላቸውም፣ ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው አንድ ነገር ነው፦ ከጠቡ የሚያተርፉት ነገር እንደሌለ ሁለቱም ወገን ያውቃል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ የዓባይን ውኃ ለመሸምገል ዋሽንግተን ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ በዚህ ሚዛን እንየው።

ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ጋዜጠኞችን ቢሯቸው ሰብስበው በስልክ ያወሩ ነበር። በአንድ በኩል የእስራኤሉ ኔታንያሁ፣ በሌላ በኩል የሱዳኖቹ ሐምዶክና ቡርሃን አሉ። ጉዳዩ የሱዳንና የእስራኤል ዕርቅ ነው። የአሜሪካ ምርጫ ሊደርስ 11 ቀን ቀርቶታል። ትራምፕ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንቅልፋሙ ጆ ይህን የመሰለ ስምምነት ያመጣ ነበር ወይ ብለው ኔታንያሁን ጠየቁ። ኔታንያሁ ያን ያህል ወዳጅ ሆነው እንኳ ጥያቄውን አዙረው አለፉት። እንግዲህ ስልኩ የተደወለው ለማን እንደነበር ከዚህ ወዲያ ምስክር አያሻም።

በዚሁ ስልክ ነው ወሬው ወደ ሕዳሴ ግድብ የዞረው። ስምምነት ሠርቼላቸው ነበር፣ አፈረሱት አሉ። ግብፅ እንዲህ ሆና መኖር አትችልም፣ መጨረሻው ግድቡን ማፈንዳት ነው አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ደግሞ ይህን የሚሰማው ማነው? ሐምዶክ! ግድቡ ያለው ከሱዳን ድንበር አፍንጫ ሥር ነው። ቢፈነዳ ውኃው የሚወርደው ሱዳን ላይ ነው። ሰውየው ወዳጅ አደረግሁት ያሉትን አገር በዚያው ትንፋሽ በጎርፍ አስበሉት። በማግስቱ የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ገዱ አንዳርጋቸው የአሜሪካውን አምባሳደር ጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። አምባሳደሩስ ምን ይበሉ?

"አፈረሱት" የሚለውን ቃል እንመልከተው። የሚፈርሰው የተፈረመ ነገር ነው። ሽምግልናው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሲጀመር አሜሪካ ታዛቢ ናት ተባለ። የሚገርመው፣ ጉዳዩን የያዘው ዲፕሎማሲ ሥራው የሆነው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ሳይሆን የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስቲቨን ምኑሽን ነበሩ። ውሎ አድሮ ታዛቢው ረቂቅ ጸሐፊ ሆነና ቁጭ አለ። የካቲት 2012 ኢትዮጵያ በመጨረሻው ዙር አልተገኘችም፤ ግብፅ ብቻዋን ፓራፍ አደረገች፣ ሱዳንም አላደረገችም። የካቲት 20 ግምጃ ቤቱ ስምምነት ሳይኖር ሙሌት አይጀመር የሚል መግለጫ አወጣ። ሐምሌ ላይ ሙሌቱ ተጀመረ፤ ነሐሴ መጨረሻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ርዳታ ታገደ ተባለ። ባይደን ሥልጣን በያዙ በወሩ ርዳታውን ከግድቡ ጋር የሚያገናኘውን ክር ቆረጡት። በስድስት ወር ውስጥ የሚታሰርና የሚፈታ ነገር የአገር ፖሊሲ ነው ትላላችሁ? እኔ የባለሥልጣን ኩርፊያ ነው እላለሁ።

ኩርፊያው ደግሞ ከግድቡ ቀድሞ የመጣ ነው። የ2012 ገና ባለፈ በሰሞኑ፣ ኦሃዮ ውስጥ በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ፣ አንድ አገር አዳንሁ፣ የኖቤል ሽልማቱን ግን የዚያ አገር መሪ ወሰደው ብለው አማረሩ። የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የኤርትራው እናት ልጇን የቀበረችበትን ጠብ ለደጋፊ ማስጨብጨቢያ አደረጉት። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ከዓባይ ዳር ሽማግሌ ብለን ያስቀመጥነው። አበጋር ዕርቅ ፈጽሞ "ሽልማቴስ?" ቢል የሰንበቴ ገበያ ምን ይለው ነበር?

የኛዎቹም ንጹሕ አይደሉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኖቤሉን ማግኘታቸው በተሰማ ሰሞን፣ በጥቅምት 2012፣ ፓርላማ ውስጥ፣ ጦርነት ከመጣ ሚሊዮኖችን ማሰለፍ እንችላለን ብለዋል። ጦርነት መፍትሔ አይደለም ብለው ቢያስከትሉትም፣ ካይሮ የሰማው የፊተኛውን ነው። ደግሞስ ዋሽንግተን ድረስ ሂዱ ያለን ማን ነበር? ግብፅ ሸምግሉኝ ያለችው ወዳጇን ነው፤ ዳኛው የማን ወዳጅ እንደሆነ እያወቅን በሩን አንኳኩተን ገባን። እንዲያም ሆኖ፣ የራሳችን ስህተት የሽማግሌውን ማድላት ጽድቅ አያደርገውም።

ይባስ ብሎ በሰኔ 2017 ዓ.ም. እንደገና ሥልጣን ላይ ያሉት ትራምፕ፣ ግድቡን አሜሪካ በሞኝነት ገንዘብ ሰጥታ አሠራችው ብለው ጻፉ። በዚያው ጽሑፍ ኖቤል እንደማይሰጧቸውም አማረሩ። አሁንስ ምን ይባላል! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል አበዳሪ እንዳጣን ነው የተነገረን። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በቦንድ ሰጠ፣ ነጋዴው ገዛ፣ ገበሬው ገዛ፣ ስልክ ያለው ሁሉ 8100 ላይ መልእክት ላከ። ወዶ የሰጠም አለ፣ ተቆርጦበት ያጉረመረመም አለ፤ ያጉረመረመው ራሱ ከኪሱ እንደወጣ ያውቃል። የአገር ውስጥ ባንክ የተሸከመውን ዕዳ ደግሞ ገና ልጆቻችን ይቆጥሩታል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ከነጩ ቤተ መንግሥት ተነስቶ "ገንዘቡ የእኔ ነው" ሲል፣ ስለ ግድቡ ከማን እንደሰማ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይነግረንም።

የግብፅ ገበሬ ስጋት ግን ቀልድ አይደለም። የዓባይ ውኃ አብዛኛው ከኛ ደጋ ይወርዳል፤ የ1959ኙ የግብፅና የሱዳን ውል ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ሲያከፋፍል ለኛ አንድ ጣሳ አልተወም። ይህ ግፍ ነው። ቢሆንም ከታች ያለው ሰው ተከታታይ ድርቅ ቢመጣ ምን እጠጣለሁ ብሎ መጠየቁ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። መልስ የሚሻው ጥያቄ እሱ ነበር፦ በድርቅ ዓመት ከተጠራቀመው ስንት ይለቀቅ? ብንጣላስ ማን ይዳኘን? ይህ የውኃ መሐንዲስና የሕግ ሰው ታግሦ ወር ከወር የሚሠራው፣ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው። ለምርጫ አይሆንም፤ ስለዚህም ተጣለ። አሜሪካ የምታህል አገር ሁለቱንም ወገን አስቀምጣ ለመናገር የነበራትን ሞገስ በአንድ ስልክ በላችው። ከዚያ በኋላ ከዋሽንግተን የመጣ ሐሳብ ሁሉ፣ ደግ እንኳ ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ የካይሮ ደብዳቤ መስሎ ነው የታየው።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አልፈነዳም። በድርቅ ዓመት ስንት ውኃ እንደሚለቀቅ ሦስቱ አገሮች የፈረሙበት ወረቀት ግን በዚያን ቀንም አልነበረም።