በየተራ የሚከናወን የሰርቨር ማሻሻያ አገልግሎትን ከመቋረጥ ይታደጋል

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ክራውድስትራይክ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ጉድለት ያለበትን ማሻሻያ ለደንበኞቹ በአንድ ጊዜ በማሰራጨቱ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ከሥራ ውጪ ሆነዋል። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሳም በርካታ በረራዎች ተሰርዘዋል። ከዚያ ወዲህ ስርጭቱን ደረጃ በደረጃ ማከናወን ጀምሯል።

ይኸው መርህ በጋራ ለሚሠሩ ሰርቨሮችም ያገለግላል። ከሦስቱ አንዱ ሲታደስ ተገልጋዮች በሁለቱ ይስተናገዳሉ፤ የታደሰው ተፈትሾ ብቁነቱ ሲረጋገጥ ብቻ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ጉድለት ቢታይ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ይሁንና አሮጌውና አዲሱ ሶፍትዌር ለጊዜው ተጣጥመው መሥራት፣ ሁለቱ ሰርቨሮችም ሙሉውን ጫና መሸከም አለባቸው። የመንግሥት ተቋማት ይህን ቅድመ ሁኔታ ከማሻሻያው ዕለት በፊት፣ በግዥ ውላቸው ሊያረጋግጡት ይገባል።