የአንዲት ፊደል ዋጋ

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሪሚናል ጀስቲስ ለመማር የሚመዘገብ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ልብ የማይላት አንዲት ፊደል አለች። ‹ኤ.ኤስ.› የተባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገር የተሰናዳ ነው፤ ‹ኤ.ኤ.ኤስ.› የተባለው ግን በቀጥታ ሥራ ለሚገባ። የኮርሶቹ ስም ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚገለጠው ዩኒቨርሲቲው የትኛውን ክሬዲት እንደሚቀበልና የትኛውን እንደሚጥል ሲናገር፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የነርሲንግን መንገድ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የዚህኛውን የሚነግረው ጎረቤት ግን እምብዛም አያገኝም። የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ብልህነት ነው፤ እዚያ ሳሉ ፖሊስ ፖሊስ የሚሸቱ ኮርሶችን ማብዛት ግን አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ኮሌጅ ቦርድ ባወጣው አሐዝ በ2023–24 የትምህርት ዘመን የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አማካይ የዓመት ክፍያ 3,990 ዶላር ሲሆን፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 11,260 ነበር። ጥያቄው ስንቱ ይሻገራል የሚለው ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት ወደ አራት ዓመት ትምህርት ቤት የሚዛወረው ሲሶው ያህል ብቻ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዘው ደግሞ ከመቶ 16 ገደማ። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 እንዳመለከተው ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን አጥተዋል። (ቁጥሩ ለትርፍ ከሚሠሩ ኮሌጆች የወጡትንም ስለሚጨምር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ብቻ አይወክልም፤ ቢሆንም ያስደነግጣል።) ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ክሬዲት አልቀበልም ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምክንያቱን ለተማሪው እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። በቨርጂኒያም ኖቫ የተባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከጅምሩ እስከ መጨረሻው የሚወስዳቸውን ኮርሶች አውቆ የሚጓዝበት ‹አድቫንስ› የተባለ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ አላቸው። ሁለቱም ደግ ነገር ናቸው፤ የተሳሳተ ኮርስ አብዝቶ የወሰደን ተማሪ ግን አያድኑትም።

የተሳሳተው የትኛው ነው? መልሱ የክሪሚናል ጀስቲስ ትምህርት ታሪክ ውስጥ አለ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1967 ፖሊሶች ሁሉ ውሎ አድሮ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው መከረ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ለፖሊሶች ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ መደበ፤ ገንዘቡን ተከትለውም ፕሮግራሞች በየኮሌጁ እንደ አሸን ፈሉ። በ1978 ሎረንስ ሸርማን ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ጥናት ውጤቱን መዝኖ፣ ብዙዎቹ የሰጡት ጠባብ የሙያ ሥልጠና ነው ሲል ወቀሰ። ወቀሳው ዛሬም እንዳለ ይሠራል አልልም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪሚኖሎጂ ማለት ከምንም በላይ አሐዝ ማንበብና አሐዝ መጠራጠር ነው። የታሰረ ሰው ሲበዛ የበዛው ወንጀሉ ነው ወይስ የፖሊስ ሥምሪቱ? ይህን ለመመርመር ስታቲስቲክስ፣ ሶሲዮሎጂና የተባ ብዕር ያስፈልጋል፤ ሲሻገሩ ክሬዲታቸው በቀላሉ የማይወድቀውም እነዚሁ ናቸው።

ጡረታ የወጣ መርማሪ ከመጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል የሚል ይኖራል። አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ኮርስ በእርግጥ ዓይን ይገልጣል። ይሁንና ስለ ፓትሮልና ሰው በቁጥጥር ሥር ስለማዋል የሚሰጠው ትምህርት ፖሊስ አካዳሚ ሲገባ እንደገና ይመጣል፤ ያውም የተቀጠረው ምልምል በአብዛኛው ደመወዝ እየበላ። ታዲያ ለዚሁ ትምህርት አስቀድሞ ከኪስ መክፈል ለምን?

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ብዙ የፖሊስ መምሪያዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይበቃናል እያሉ አራት ዓመት ምን ይሠራል? ፓትሮል ብቻ ለሚመኝ ላያስፈልገው ይችላል። ኤፍ.ቢ.አይ. ግን ወኪል ሲቀጥር፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም የፕሮቤሽን ኦፊሰር ሲቀጥሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ። በዲቪ ለመጣ ወጣት ደግሞ ሒሳቡ ጭራሽ ይገለበጣል። ኤፍ.ቢ.አይ. ዜግነት ይጠይቃል፤ ብዙ የፖሊስ መምሪያዎችም እንዲሁ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በመደበኛው መንገድ ዜግነት ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ቶሎ ሥራ ያስገባል የተባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ሦስት ዓመት ያስቆመዋል፤ የአራቱ ዓመት ትምህርት ግን የሚያልቀው ጥበቃው ሊያልቅ ሲቃረብ ነው።