ግምት በቡና ወቅት ብቻ አይሁን!

ይድረስ ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ።

ግብር አንከፍልም የሚል ሰው በመካከላችን የለም፤ ካለም ከእኛ አይደለም። መንገዱም ትምህርት ቤቱም በዚሁ ብር ነው የሚቆመው። የምንጣላው ከግብሩ ሳይሆን ከግምቱ ጋር ነው።

የሚዛንና የቴፒ ገበያ የሚኖረው በቡና ነው። ቡና ሲለቀም ገበሬውም ለቃሚውም ብር ይይዛል፤ ባለ ሱቋ ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ ስትሸጥ ትውላለች። ክረምት ሲገባ ያው ሰው በዱቤ ነው የሚወስድ። እንግዲህ ገማቹ በኅዳር መጥቶ ወረፋውን አይቶ የዚያን ዕለት ሽያጭ በዓመቱ ቀን ሁሉ ቢያባዛው ምን ይወጣል? የሌለ ሀብት ይወጣላ!

ይህ የእኛ ሰፈር ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በአዲስ አበባ፣ በአምቦና በሌሎችም ከተሞች ሱቅ ተዘግቷል። ያኔ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ የግል ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ማሻሻያ አዋጅ «ሐ»ን አስቀርቶ ከ2,000,000 ብር በታች የሚሸጠውን ደረጃ «ለ» አደረገው፤ ግብሩም ከጠቅላላ ሽያጩ ይሰላል። ልብ በሉ፣ ከትርፉ አይደለም! በኪሎ ስኳር ጥቂት ብር የምታተርፍ እናት የምትለካው በሸጠችው ኪሎ ሁሉ ነው። ሽያጩ በግምት ካበጠ ከልጆቿ አፍ ይነጠቃል።

ስለዚህ ገማቾች በቡናውም በክረምቱም ይምጡ፤ ስሌቱንም በጽሑፍ ይስጡን እንላለን።

ጣታችንን ወደ ቢሮ ብቻ አንቀስርም። ደብተር የማይዝ ነጋዴ «በዛብኝ» ቢል ማን ያምነዋል? የዕለት ሽያጭ ለመጻፍ እኮ የኮሌጅ ትምህርት አያሻም፤ እኛም ከአንደኛ ደረጃ አላለፍንም። ሱቁን ዘግቶ ፈቃዱን ሳይመልስ የሄደስ? ዕዳው ይጠብቀዋል። በወንድሙ ስም ፈቃድ አውጥቶ የሚነግደውማ የባሰበት ነው፤ ትርፉ ለእሱ፣ ግብሩ ለወንድሙ!

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ውሳኔ ለደረሰው ሰው ቅሬታ ማቅረቢያ 21 ቀን ሰጥቷል። የእናንተ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቀንም አንብቡ። ቡና እየጠጡ ማማረር ቅሬታ አይባልም።

ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግረው ቅዳሜ ከገበያ በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንጽፍለታለን፤ ክፍያ የለውም። የውሳኔውን ወረቀትና የሽያጭ ደብተሩን ይዞ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ