ካሜራ ይለወጣል፤ ዓይንስ?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሠርጉን የሚያነሣለት የሚፈልግ ደንበኛ፣ የፎቶ አንሺውን ሥራ ሳያይ «ካሜራህ ማርክ ስንት ነው?» ይላል። ልጁም በዕቁብ ብሩ ላይ ደኅናውን ሌንስ ሸጦ ይጨምርና አዲሱን ይገዛል።

ምን አተረፈ? በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ባለ 21 ሜጋፒክስል ነው፤ የ2016ቱ ማርክ 4 ባለ 30። ቁጥሩ ያስጎመጃል፤ የፎቶው ወርድ የሚጨምረው ግን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በደብዛዛ አዳራሽ አዲሱ እንደሚሻል አልክድም። ብርሃን በሰፊው የሚያስገባው ሌንስስ? እሱንማ ሸጦታል!

አርመናውያኑ ቦያጂያኖች ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥት ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ዛሬም ቆመን እናያለን። በስንት ሜጋፒክስል?

ደንበኛ ሆይ፣ አልበሙን ጠይቅ! አንተም ወንድሜ፣ ሌንስህን አትሽጥ፤ ዓይን በዕቁብ አይገዛም።